የእናቴ ሁለት ጥማድ

እናቴ ታንጉት መሬት ተሰጥቷታል ተብሎ ተጽፏል። አልተሰጣትም። የተሰጣት አመድ ነው። በቀበሌው መዝገብ ላይ ሁለት ጥማድ ተብሎ በስሟ የሰፈረው በሬ ቆሞበት የማያውቅ፣ ውኃ የማይዝ፣ ዘር የማያበቅል ጉብታ ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ አሳምሬ ላልጽፈው እችላለሁ። ቢሆንም መዝገቡ የራሱን ጽፏልና እኔም የማውቀውን እጽፋለሁ። እኩዮቼ የሆናችሁ፣ መሬት በገመድ የተለካበትን ዘመን የምታስታውሱ፣ ፍረዱኝ።

ሰሞኑን የልጅ ልጄ ከደብረ ታቦር ስትመጣ “ለተረከዝዎ መፈግፈጊያ ይሆንዎታል” ብላ አንድ ቀይ ድንጋይ አመጣችልኝ። በቀዳዳ የተሞላ፣ እንደ ደረቀ ዳቦ የቀለለ ድንጋይ ነው። ውኃ ውስጥ ነከር አድርጌ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ዝናብ የገባበት ምድጃ ሸተተኝ። ያን ሽታ ይህን ሁሉ ዓመት አልረሳሁትም። ልጅቱ ፊቴን አይታ “ምነው እማማ፣ አልወደዱትም?” አለችኝ። “ወድጄዋለሁ” አልኳት። ድንጋይ እንዴት ቂም እንደሚሆን ለሰባት ዓመት ልጅ ከየት ተነስቼ ልንገራት። እኔ ራሴ አያት የሆንኩት ገና በሠላሳ አምስት ዓመቴ ነው። በእኛ አገር ያኔ ሴት ልጅ ቶሎ ትዳር ነበር፤ የእኔ መዳር ደግሞ ከዚያው ድንጋይ የመጣ ነው።

መንደራችን ከጉና ተራራ ሥር ነው፤ ከደብረ ታቦር ግማሽ ቀን በእግር ያስኬዳል። ከቤታችን በላይ ሌሎቹ ተራሮች ተያይዘው ሲሄዱ አንድ ክብ ጉብታ ከሁሉም ተለይቶ ለብቻው ቆሞ ነበር። ጫፉ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል፤ ወጥተው ሲያዩት ግን መሀሉ እንደ ገበቴ የጎደጎደ ነው። ስሙ አመድ ጉብ ነው። ሽማግሌዎቻችን “ጉና ምድጃ ነበር፤ ነዶ ነዶ አመዱን የደፋው እዚህ ነው” ይሉን ነበር። ትምህርት ቤት ስገባ መምህራችን “እሳተ ገሞራ ነው፤ ከመሬት ሆድ የወጣ እሳት የተፋው ነው” አሉን። እኔ ሁለቱ አንድ መሰሉኝ። አመድ አመድ ነው፤ ማን እንደደፋው ነው የተለያዩት።

ለእኛ ለልጆቹ መጫወቻችን ነበር። ያረጀ ቁርበት ጎትተን ጫፉ ላይ እናወጣና ሁለት ሦስት ሆነን ተቀምጠንበት ቁልቁል እንንሸራተታለን። ድንጋዩ ከሥራችን እንደ ገል ይንኮሻኮሻል፤ ቀዩ ብናኝ ከኋላችን ይነሳል። ታች ስንደርስ ሁላችንም ዓይናችን ብቻ ይታያል። ከሌላ መንደር ልጅ ሲመጣ “ድንጋይ ሲዋኝ አይተህ ታውቃለህ?” እንለዋለን። አያምንም። ቀለል ያለውን መርጠን ወንዙ ላይ ስንወረውረው እየተንሳፈፈ ይሄዳል፤ ልጁም ጠንቋዮች መሆናችንን ለእናቱ ሊነግር ይሮጣል። ክረምት ሲገባ ማሳው ሁሉ ጭቃ ሆኖ እግር ሲይዝ አመድ ጉብ ላይ ግን አንዲት ጠብታ አትቆምም። ዶፍ ወርዶ ሳያበቃ ይደርቃል፤ ያን የምድጃ ሽታ ይሸታል። ደስ ይለን ነበር። ልጆች ነን፤ ውኃ የማይዝ መሬት ለጨዋታ እንጂ ለሌላ ነገር እንደሚሆን ማን ያስባል።

አባቴ በደርግ ጊዜ ለውትድርና ተወስዶ ቀርቷል። ሞተ የሚል አልመጣ፣ አለ የሚል አልመጣ። ስለዚህ እናቴ ተዝካሩን አታወጣ፣ ሌላ ባል አታገባ፣ እንዲሁ ተቀመጠች። ወንድም የላትም። ከአባቷ የቀረላት ወንዝ ዳር ያለ ጥቁር የዋልካ መሬት ነበር፤ ገብሱም ስንዴውም የሚሰጥ። በሬ ስለሌላት ጎረቤታችን አያ ደመላሽ በእኩል ያርሱላት ነበር። ደግ ጎረቤት ነበሩ። እሳታችን ሲጠፋ የምንጭረው ከእነሱ ቤት ነው። እናቴ ስማቸውን ሳትመርቅ አትጠራም ነበር።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ መሬት ይሸጋሸጋል ተባለ። የሁሉም መሬት አንድ ላይ ይገባና እንደገና በዕጣ ይከፈላል፤ ሴትም እንደ ወንድ በራሷ ስም ታገኛለች ተባለ። ይህን ሲሰሙ ብዙ ሰዎች ከፋቸው፤ እናቴ ግን ደስ አላት። የአባቷን መሬት ብታጣ እንኳ የራሷ የሆነ፣ ስሟ የተጻፈበት ልታገኝ ነው። ለዕጣው ቀን ነጠላዋን አጠበች። እኔም አራተኛ ክፍል ነበርኩና ስሟን በእጄ መዳፍ ላይ ጽፌ አሳየኋት። “ይኼ ነው እኔ?” ብላ ለረዥም ጊዜ አየችው።

ዕጣው የተጣለው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ወይራ ሥር ነው። የምናውቀው አጣጣል ነበር። ሁሉም ሰው የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ባቄላ፣ አንዱ የልብስ ቁልፍ። አንድ ሽማግሌ የፍየል በጠጥ ሲሰጡ “እርስዎ በበጠጥ ለም መሬት ሊገዙ ነው” ተብሎ ተሳቀ። ምልክቱን በባርኔጣቸው እየዞሩ የሰበሰቡት አያ ደመላሽ ናቸው፤ የኮሚቴ አባል ነበሩ፣ የማን ምልክት የትኛው እንደሆነ የሚያውቁትም እሳቸው ብቻ ናቸው። የኮሚቴው ሰዎችም እንደ ሌላው ዕጣ ውስጥ ገብተዋል። ሊቀመንበሩ የመሬቱን ስም ይጠራሉ፤ ማንንም የማያውቅ አንድ መንገደኛ ዓይኑን ጨፍኖ ከባርኔጣው አንዱን ያወጣል፤ አያ ደመላሽ አይተው የባለቤቱን ስም ይጠራሉ።

መሬቱ አልበቃ ብሎ ኖሮ ሊቀመንበሩ ከመሀል “አመድ ጉብ” ብለው ጠሩ። ሰዉ አጉረመረመ። “እሱም መሬት ነው፤ ሣር አብቅሎ አይተነዋል” አሉ ሊቀመንበሩ። መንገደኛው እጁን ከተተ። ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ የእኔ እንዳይሆን እያለ ነው። አያ ደመላሽ መዳፋቸው ላይ ያለውን ነገር አዩና ቆዩ። ያኔ ለባለ ዕጣው አዝነው የቆዩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀና አሉና “ታንጉት” አሉ።

“በቃ፣ ታንጉት አመድ አፋሽ ሆነች” አለ አንዱ ከኋላ። ሳቅ ሆነ። ሳቁ የክፋት አልነበረም፤ የተረፈ ሰው ሳቅ ነው። እናቴ ነጠላዋን አስተካከለችና “ዕጣ የእግዜር ነው” አለች። ወንዝ ዳር ያለው የአባቷ መሬት ዘግየት ብሎ ሲጠራ ለራሳቸው ለአያ ደመላሽ ደረሰ። “ሲያርሱት የኖሩት ነው፤ እጃቸውን ያውቃል” ተባለ። እናቴም “እንኳን ለባዕድ አልሆነ” አለቻቸው።

በማግሥቱ ገመድ ይዘው መጡ። ነውሩ የተሠራው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ቤት ድርሻ ሁለት ጥማድ መሙላት አለበት። የጉብታው ግርጌ ዙሪያውን ቢለካ ግማሹንም አይሞላ። ስለዚህ ገመዱን ዳገቱን ይዘው ወጡ። ዳገቱም አልበቃ አለ። ሊቀመንበሩ ወዲያ ወዲህ አዩና እኔ ላይ ዓይናቸው አረፈ። “ጥሩ፣ አንቺ ተማሪ አይደለሽ? እስቲ ጮክ ብለሽ ቁጠሪልን” አሉኝ።

ለካስ ልጅነት ሞኝነት ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እኔ ተመርጬ ልቆጥር። ደረቴን ነፍቼ ጀመርኩ። ገመዱ በተዘረጋ ቁጥር አንድ እጨምራለሁ። ጫፉ ላይ ደረስን፤ ያበቃል ብዬ ዝም ስል “ቀጥይ” አሉኝ። ገመዱ ወደ ገበቴው ውስጥ ወረደ። እኔም ተከትዬ ቁልቁል እየተንሸራተትኩ ቆጠርኩ። በወዲያኛው ግድግዳ ወጣ፤ ቆጠርኩ። በውጭ በኩል ወረደ፤ ቆጠርኩ።

ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት ከታች ሆነው “ውስጡንም ውጭውንም ለካችሁት?” ብለው ጠየቁ።

“ምን አለበት እማማ፣ ቆላም ወርዶ ደጋም ወጥቶ መሬት መሬት ነው” አሉ ሊቀመንበሩ።

“እንግዲያው ነገ ወደ እኔ ቤት ኑና ድስቴን ለኩልኝ። ውስጡም ውጭውም ከተቆጠረ ሁለት ድስት አለኝ ማለት ነው።”

ሰዉ ሳቀ፤ ሊቀመንበሩም ሳቁ። እኔ ግን ቁጥሬ እንዳይጠፋብኝ አልሳቅሁም። “ሃያ ሁለት” ብዬ ስጮህ “በቃ፣ ሁለት ጥማድ ሞልቷል፤ ተባረኪ” ተባልኩ። መዝገቡም ተጻፈ። እናቴ ግርጌው ላይ ቆማ ነበር። ቤት ስንገባ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። “አልሳትሽም፤ በደንብ ቆጠርሽ” ብቻ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በቃሌ ስቆጥር ሃያ ሁለት ላይ ስደርስ አንደበቴ ይያዛል። ሰው ይገርመዋል፤ ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም ነበር።

ዘር ዘራችበት። እናቴ ሰነፍ አልነበረችም። አመዱ አፈር ስለሌለው አፈር እናምጣለት አለች። አያ ደመላሽን ስንለምናቸው “ውሰዱ፣ አፈር ምን አለው” አሉን። ከወንዙ ዳር፣ ከዚያው የአባቷ ከነበረው ማሳ ጠርዝ፣ ጥቁሩን አፈር በቅርጫት እየተሸከምን ወደ ገበቴው አወጣን። ፍግ ጨመርንበት። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች በታች ሲያልፉ እኔ በላይ ቅርጫት ይዤ አያቸው ነበር። “አመድ አፋሽ፣ አመድ አፋሽ” እያሉ ይዘፍኑብኛል፤ ድንጋይ ወርውሬ እመልስላቸዋለሁ። ያ ድንጋይ ደግሞ ቀላል ነው፤ ተወርውሮም አያምም።

የመጀመሪያው ዓመት ገብሱ በቀለ። ገበቴው ውስጥ እንደ ሣህን ላይ ጎመን አረንጓዴ ሆኖ ሲታይ እናቴ ጫፉ ላይ ተቀምጣ እስኪመሽ ታየው ነበር። ከዚያ ዝናቡ አንድ ሳምንት ዘለለ። አመዱ ከሥር ውኃውን ጠጥቶ ጨረሰው፤ ገብሱ ቁርጭምጭሚት ሳያክል ቢጫ ሆነ። ሁለተኛውን ዓመት ድንች ሞከርን፤ ያወጣነው ከዘራነው አነሰ። አያ ደመላሽ በየመኸሩ አንድ ቁና ገብስ ይዘው ይመጡ ነበር። እናቴ እጃቸውን ስማ ትቀበላቸው ነበር።

“ለምን ለኮሚቴው አትነግሪም?” እላት ነበር።

“ምን ብዬ? ዕጣ ነው።”

“እኛ እግዜርን ምን በድለነው ነው?”

“ዝም በይ፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም።”

እኔም አንድ ቀን “ዝም ባለ አፍ አመድ ይገባል” አልኳት። በሕይወቷ አንድ ጊዜ የመታችኝ ያን ቀን ነው። መትታኝም አለቀሰች። እግሯ በዚያ ስለታም ድንጋይ ተሰነጣጥቆ ነበር፤ ስታለቅስ እግሯን ይዛ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ለሁለት ሰው የሚሆን እህል በቤት ውስጥ ጠፋ። ደብተሬ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው አቁማዳ ውስጥ እንዳለ አንበሳሜ ከሚባል አገር ለመጣ ሰው ተዳርኩ። እናቴ ስትሸኘኝ “እዚያ ዋልካ ነው አሉ፤ ጥሩ መሬት ነው” አለችኝ፤ ስለ ባሌ አንድም ነገር አላለችኝም። እሷ ያን አመድ እየቆፈረች ብቻዋን ኖራ ሳል ገደላት። ልትሞት ሰሞን መጥቼ ሳስታምማት እንኳ አንድ ቀን ስለ መሬቱ ሳነሳባት “ከእግዜር ጋር አታጣይኝ” አለች። ቂም ሳትይዝ ሞተች። ቂሙን የያዝኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ መንገድ መጣ። ስካቫተርና ገልባጭ መኪና አመድ ጉብ ሥር ቆመ። አመዱ ገረጋንቲ ነው፣ ለመንገድ ከዚህ የተሻለ የለም ተባለ። ከአንበሳሜ ሰምቼ ስደርስ አንድ ጎኑ ተበልቶ ነበር። ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ካሳ ልጠይቅ አልነበረም፤ እናቴ በሕይወት የለች፣ እኔም በሌላ አገር ጎጆ አለኝ። መዝገቡ እንዲታረም ነው የፈለግሁት። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ትሑት የሆነ ወጣት ተቀምጧል።

“እናቴ፣ ይህ እኮ ጉብታ ነው። የእርሻ መሬት አይደለም፤ የወል ነው” አለኝ።

“እንግዲያው ታንጉት መሬት አላገኘችም ብለህ ጻፍልኝ።”

መዝገቡን ገለበጠ። “አግኝተዋል። ሁለት ጥማድ ይላል።”

“የት ያለ ሁለት ጥማድ?”

“አመድ ጉብ።”

“አሁን ጉብታ ነው፣ የወል ነው ብለኸኝ የለም? ጥማድ ማለት ጥማድ በሬ በቀን የሚያርሰው ነው። በል፣ በሬ ጠምደህ ውጣበትና አሳየኝ።”

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። “እናቴ፣ እኔ ያኔ አልተወለድኩም” አለ።

“እኔ ተወልጃለሁ። የቆጠርኩትም እኔ ነኝ” አልኩት።

ልጁ ክፉ አልነበረም። ከኮሚቴው በሕይወት ያለ ሰው ካለ ምስክርነቱን እንዳመጣ መከረኝ። ሦስት ክረምት ተመላለስኩ፤ በዚህ መሀል ኮሚቴው አንድ በአንድ እያለቀ ሄደ።

አሁን አመድ ጉብ የለም። ጉብታው የነበረበት ቦታ ጉድጓድ ሆኗል። እኛ ቁርበት ላይ ሆነን የተንሸራተትንበት ዳገት፣ እናቴ ተቀምጣ ገብሷን ያየችበት ጫፍ፣ የተሸከምነው ጥቁር አፈር ሁሉ ተዛቆ መንገድ ላይ ተነጥፏል። የዛሬ ልጆች ደብተራቸውን ይዘው በዚያ ላይ ያልፋሉ፤ ጭቃ አይዛቸውም፤ አንዷም ሴት ልጅ ቅርጫት ይዛ ከላይ አታያቸውም። በዚህ ደስ ይለኛል። ያ አመድ ለአንድ ሰው ከሚሰጥ መጀመሪያውኑ ለሁሉም ቢሆን ይሻል ነበር። ግን ቀይ ብናኙ ጫማቸውን ሲነካ ባየሁ ቁጥር ይህ የሰው ዕድሜ ነው ልላቸው ይቃጣኛል፤ እተወዋለሁ።

ከኮሚቴው የቀሩት አያ ደመላሽ ብቻ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ መንኩሰው ጣራ ገዳም እንደገቡ ሰማሁ። ሄድኩ። ከመኪና ወርጄ ዳገቱን በጫካው ውስጥ በእግሬ ወጣሁ። ከአንድ ዛፍ ሥር ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ግን አወቁኝ። “የታንጉት ልጅ ነሽ” አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ተቀመጥኩ።

“አያ ደመላሽ፣ ለእናቴ የተሰጠው አመድ እንደነበረ ይመስክሩልኝ” አልኳቸው።

“እመሰክራለሁ። አመድ ነው” አሉ ቶሎ ብለው።

ለዚያ ነበር የመጣሁት፤ ልነሳም ይገባኝ ነበር። ነገር ግን እናቴን ጠይቄያት ያልመለሰችልኝ ነገር አፌ ላይ መጣ። “እናቴ እግዜርን ምን በድላው ነው፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መርጦ አመድ የሰጣት?” አልኩ።

መቁጠሪያቸውን ማንቀሳቀስ አቆሙ።

“እግዜርን ተይው” አሉኝ። “እግዜር ለእናትሽ የሰጣት የራሷን ነው። ወንዝ ዳር ያለው ሲጠራ የወጣው የእሷ ምልክት ነበር። ለአመድ ጉብ የወጣው የእኔ ነበር።”

“ታዲያ ለምን የእሷን ስም ጠሩ?”

“ቀና ብዬ ሰዉን አየሁ። ወንዱ ሁሉ ዱላ ይዟል። ሴቶቹም ወንድም አላቸው። እናትሽ ደግሞ ጎረቤቴ ናት፤ አውቃታለሁ። አትጮህም ብዬ ነው።”